ሦስት ትውልድ በአንድ ሠረገላ

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ግሪፊዝ ፓርክ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ ውስጥ፣ አንድ አባት ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ልጆቹን በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ እያስቀመጠ፣ እነርሱ እየዞሩ ሲፈነድቁ እርሱ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ይጠብቃቸው ነበር፤ በዚያ ተቀምጦ ሳለም ወላጅ ከልጁ ጋር በአንድነት የሚደሰትበት ሥፍራ ሊኖር ይገባል የሚል አሳብ እንደ መጣለት በኋላ ዘመን ራሱ ተናግሯል። አባትየው ዋልት ዲዝኒ ነው። አሳቡ ፍሬ አፍርቶ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም ከተማ ዲዝኒላንድ ተከፈተ፤ ከዚያም በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ አቅራቢያ፣ የገዢው ማንነት ታውቆ የመሬቱ ዋጋ እንዳይንር በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም እየተገዛ የተጠራቀመ ወደ 11,000 ሄክታር የሚጠጋ፣ በቀድሞው የርስት አለካክ ከ270 ጋሻ የማያንስ ረግረግና ደን ለሁለተኛው ሥራ ተዘጋጀ። ዋልት የዚህን ፍጻሜ ሳያይ በ1966 ዐረፈ። ጡረታ ሊወጣ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮይ ግን ዕረፍቱን ትቶ ሥራውን ከፍጻሜ አደረሰ፤ ሥፍራውም የወንድሙን ሙሉ ስም ይዞ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እንዲባል አድርጎ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ካስከፈተ በኋላ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ በዚያው ዓመት በዲሴምበር እርሱም ዐረፈ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት ለነገሩ መሠረት ስለ ሆነ ነው። መሥራቹ አባትን ከአግዳሚው ላይ አንሥቶ ከልጁ ጎን አስቀመጠው፤ አያት ግን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እስከ ዛሬ በዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው። በተለይም በአሜሪካ በሚኖሩት ወገኖቻችን ቤት፣ ልጃቸውን ለማረስ ወይም የልጅ ልጃቸውን ለመሳም ባሕር አቋርጠው የመጡ እናት፣ ቤተሰቡ ለጨዋታ በወጣ ቀን የሕፃን ጋሪና የጓዝ ጠባቂ ሆነው ሲውሉ፣ ማታም ሰውነታቸው ዝሎ ሲመለሱ ምን እንዳዩ እንኳ ለመናገር ሲቸገሩ ተመልክቻለሁ። ስለዚህ የሦስት ትውልድ አጭር ዕረፍት የሚያሰናዳ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የትኛው ጨዋታ ይበልጣል የሚለው ሳይሆን፣ በአግዳሚው ላይ ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር ይቀመጣል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ በተራ ከተደለደለ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ ወዳጆቼ ወደ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እንዲህ ያለውን ጉዞ ሲያሰናዱ በምክሩም በመንገዱም ላይ አብሬ ነበርሁ። ባልና ሚስት፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ፣ ሦስተኛ ዓመቷን ያልደፈነች ሕፃን፣ ከእነርሱም ጋር ከድሬዳዋ የመጡት የሚስት እናት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ቀርቦ ምክሩ በተጀመረ ጊዜ ትልቋ ልጅ የምትሳፈርባቸውን ጨዋታዎች ስም በረዥም ወረቀት ጽፋ አቀረበች፤ አያትየው ደግሞ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ፣ «እኔን ተዉኝ ልጆቼ፤ ሕፃኗን ይዤ ቤቱን እጠብቅላችኋለሁ፤ ለእኔ ገንዘብ አታባክኑ» አሉ። ልጃቸው ዝም አለች። አማቻቸው ግን ሲኒውን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ያለ እርስዎ የሚደረግ ጉዞ የለም፤ እርስዎ የማይሄዱ ከሆነ ትኬቱን አልቆርጥም» አላቸው፤ እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ስለ መቅረት አላነሡም።

አማቹ ያደረገው ነገር ለማንኛውም አሰናጅ ትምህርት የሚሆን ነው። የእኛ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በይሉኝታ ያደጉ ስለ ሆኑ፣ «ይመጣሉ ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ «ምን ላደርግ» ይላሉ፤ «ደከመዎት ወይ?» ቢባሉ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ «ኧረ ምንም አልሆንሁ» ይላሉ፤ «ምን ይብሉ?» ቢባሉ «ያላችሁትን» ይላሉ። ስለዚህ ለእነርሱ የሚገባው ክብር ጥያቄ ማብዛት ሳይሆን፣ ድካማቸውን አስቀድሞ ገምቶ፣ ዕረፍቱን የሁሉ ዕረፍት አድርጎ መደንገግ ነው። ወዳጆቼም በየአንድ ሰዓት ተኩል ሁሉም ሰው፣ ትልቋም ልጅ ጭምር፣ በጥላ ሥር ተቀምጦ ውኃ እንዲጠጣ ወሰኑ፤ በዚህም ምክንያት አያትየው አንድ ጊዜም ቢሆን «በእኔ ምክንያት ቆሙ» የሚል የኅሊና ወቀሳ ሳያገኛቸው ዋሉ።

ቀጥሎ የመጣው የጊዜው ነገር ነው፤ በዚህም ላይ የትምህርት ቤቱና የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር እንዴት እንደሚጋጠሙ የሚያስተውል ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ዘርዘር ላድርገው። የአሜሪካ ተማሪዎች የጸደይ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። የትምህርት ዘመኑ አልቆ ልጆቹ በጁን አጋማሽ ነጻ ሲወጡ ጾመ ሐዋርያት ብዙውን ጊዜ ገብቶ ሐምሌ 5 ቀን እስኪፈታ ይቆያል፤ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ይተካል። በኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የምስጋናው በዓል አብዛኛውን ጊዜ፣ የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመትም ዘወትር በጾም ላይ ይውላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉ እናት በፍሎሪዳ ፀሐይ ሥር በእግራቸው ሲንከራተቱ መዋል ለጤናቸው የሚያሰጋ ነው፤ ጾሙን ሻሩልን ብሎ መለመን ደግሞ ከልጅ የማይጠበቅ ነው። በመናፈሻው ውስጥ ከእጽዋት ብቻ የተሠራ ምግብ በየምግብ ቤቱ ስለሚገኝ የምግቡ ዓይነት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ወዳጆቼ ያገኙት መፍትሔ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን በዓለ ኀምሳን መምረጥ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ይህ ወራት በሜይ መጨረሻ የሚውለውን የአሜሪካኖች የመታሰቢያ ቀን ብዙውን ጊዜ ስለሚያቅፈው፣ ሰኞን ጨምሮ የሚገኘው ዕረፍት ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ቀን ቢታከልበት ለአጭር ጉዞ ይበቃል። ከሐምሌ 5 እስከ ነሐሴ መባቻ ያለው ጊዜ ሌላ ክፍተት ነው፤ ዳሩ ግን ሙቀቱ የጸናበት ወራት ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድም የረመዳን ወር በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ከዓመት አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ማደሪያውን በተመለከተ ምክሩ ረዥም አልነበረም። ተራ የሆቴል ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሰው በላይ ስለማይቀበል ለእነርሱ ሁለት ክፍል ያስፈልጋቸው ነበር፤ አያትና ልጅ በግድግዳ ተለያይተው የሚያድሩበት ዕረፍት ደግሞ ግማሹን ጣዕም ያጣል። ከመናፈሻው በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በኪሲሚ ከተማ ወጥ ቤትና ሳሎን ያላቸው ቤቶች ለዕረፍተኛ በየሌሊቱ ስለሚከራዩ፣ መኝታ ቤቱ በምድር ላይ የሆነ፣ ለመታጠቢያውም ደረጃ መውጣት የማያስፈልገው ቤት ተመረጠ። በዲዝኒ በራሱ ሆቴል የሚያድር ሰው መናፈሻዎቹ ለሕዝብ ከመከፈታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የመግባት መብት አለው፤ ላይትኒንግ ሌን የሚባለውን፣ በክፍያ ከረዥሙ ሰልፍ የሚያድነውን ተራም ከሌላው አስቀድሞ፣ ከሰባት ቀን በፊት መያዝ ይችላል፤ ውጭ ያደረ የሚይዘው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ይህን መብት ትተን ወጥ ቤቱን መምረጣችን ትክክል ነበር እላለሁ፤ እንጀራው ከቨርጂኒያ ተጭኖ፣ ሽሮውም በርበሬውም በየከረጢቱ ታስሮ ስለ ሄደ አያትየው በራሳቸው ማዕድ ላይ ጌታ ሆነው ሰነበቱ። ቡናን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በየጣራው ሥር የጭስ ደወል ስላለ ቡናውን ቤት ውስጥ ቆልቶ ዕጣን ማጨስ ጎረቤቱን ሁሉ የሚያስደነግጥ፣ ቅጣትም የሚያስከፍል ሊሆን ስለሚችል፣ ቡናው ከቤት ተቆልቶ ቢሄድና ዕጣኑ በጓሮው በረንዳ ቢጨስ ይሻላል።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልናገር። የመግቢያው ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ከመቶ ዶላር ያልፋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነጻ ይገባል፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለው በልጅ ዋጋ፣ ዐሥር ዓመት የሞላው ግን እንደ ጎልማሳ ይከፍላል። ይህ ሲነበብ የሰማው የስድስት ዓመቱ ልጅ፣ «ለአያትስ ቅናሽ አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ እንደሌለ በተነገረው ጊዜ ፊቱ ጠቆረ፤ ነገሩንም ልብ ብሎ ያዘው። ቤተሰቡ ለአምስት ቀን ዕረፍት የሁለት ቀን መግቢያ ብቻ መግዛቱን አመሰግናለሁ፤ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ያቀፋቸውን አራቱንም መናፈሻዎች በአራት ቀን አዳርሳለሁ የሚል ሰው ገንዘቡንም፣ የእናቱንም ጉልበት፣ የሕፃኑንም እንቅልፍ ያለ ዋጋ ይጨርሳል። ምግብና ውኃ ይዞ መግባት የተፈቀደ ነው፤ የብርጭቆ ዕቃና የአልኮል መጠጥ ግን አይገባም፤ ለስላሳ መጠጥ ከሚቀዱት የፈጣን ምግብ መስኮቶችም ቀዝቃዛ ውኃ በኩባያ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ለጤና የሚደረገው ጥንቃቄ ግን ሊታለፍ የማይገባው ምዕራፍ ነው። ለጉብኝት የመጡ ወላጅ በአሜሪካ የጤና መድን የሌላቸው ከሆነ አንዲት የድንገተኛ ሕክምና ሌሊት የቤተሰቡን ጥሪት ልትፈጅ ስለምትችል፣ የእንግዳ የጤና መድን ከአገር ሳይወጡ ወይም እንደ ገቡ መግዛት ከትኬቱ ሁሉ ይቀድማል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛ ከሆነ፣ በሙቀት ቀን ስለ ውኃውና ስለ መጠኑ ሐኪማቸውን ቀድመው ያማክሩ፤ ኢንሱሊን የሚወጉም ቀዝቃዛ መያዣ ይያዙ። አያትየው ይህን ሁሉ ሰምተው፣ «የድሬ ልጅ ሙቀት አይፈራም» ብለው ነበር። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የድሬዳዋ ሙቀት ደረቅ ሆኖ፣ በጥላ ሥር የገባን ሰው ላቡን አድርቆ የሚያሳርፍ ሲሆን፣ የኦርላንዶው ወበቅ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ስለሚመጣ ላብ ሳይደርቅ ገላ ላይ ይቀራል፤ በጥላም ሥር ቢሆን እፎይታው ጥቂት ነው። በጁላይ የቀኑ ሙቀት በአማካይ ወደ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በሜይ መጨረሻም ከዚያ ብዙ አያንስም።

በዚህ ላይ የእግሩ መንገድ አለ። በአንድ ቀን ውስጥ ዐሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መጓዝ በዚያ ሥፍራ የተለመደ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር በየመናፈሻው መግቢያ ይከራያል፤ አያትየው ግን በመጀመሪያ ሲያዩት፣ «እኔ ሽባ አይደለሁም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አማቻቸው አልተከራከረም፤ ወንበሩን ተከራይቶ የውኃውንና የምሳውን ከረጢት ጫነበትና የስድስት ዓመቱን ልጅ «ግፋ» አለው፤ ወደ ረፋዱ ላይ ልጁ ከረጢቱን አውርዶ፣ «እማማ፣ ተራሽ ደረሰ» ባላቸው ጊዜ እየሳቁ ተቀመጡ። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወንበሩ ሰልፉን አያሳጥርም፤ አብዛኛው ሰልፍ ለወንበር እንዲመች ሆኖ ስለ ተሠራ ተራ መጠበቁ እንደ ማንም ነው። ጉልበትን ግን ያድናል።

ከመኪና ማቆሚያው፣ ከአራቱ መናፈሻዎች አንዱ እስከ ሆነው እስከ ማጂክ ኪንግደም በር ድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ አለ፤ በተቆፈረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ማዶ ስለሚገኝ ወይ በከፍታ ላይ በሚሄደው ባቡር፣ ወይ በጀልባ መሻገር ያስፈልጋል። ከሐይቁ የወጣው አፈር ለመናፈሻው መሬት ማሳደጊያ ሆኗል፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ ቅርብ ስለ ሆነ ዋሻ መቆፈር ባይቻል፣ የሠራተኞቹን መተላለፊያ በመሬቱ ልክ ሠርተው፣ ሕዝቡ የሚመላለስበትን መንገድ በላዩ አነጹ። እንግዲህ ጎብኚው ሳያውቀው በሁለተኛ ፎቅ ላይ ይመላለሳል ማለት ነው። ከፊቱ የሚታየው የሲንደሬላ ግንብ ቁመቱ 58 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ መስኮቱና ድንጋዩ ሆን ተብሎ እያነሰ ስለ ተሠራ ከልኩ ይልቅ የራቀና የገዘፈ ይመስላል። ትልቋ ልጅ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን ከዓይኗ አወረደች።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው በመግቢያው አናት ላይ ያለውን የባቡር ጣቢያ ነው። በመናፈሻው ዙሪያ የሚሄዱት አራቱ የእንፋሎት ባቡሮች የማስመሰያ ሥራ አይደሉም፤ በፊላዴልፊያ በባልድዊን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1928 ባለው ጊዜ የተሠሩ፣ በሜክሲኮ በዩካታን ባሕረ ገብ ምድር ሲያገለግሉ ኖረው፣ ካረጁ በኋላ ተገዝተው የታደሱ ናቸው። የአያትየው አባት በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ጭሱን እየተነፈሰ ሲገባ ሴትየዋ ከወንበሩ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ሐዲዱ አጥር ተጠግተው ቆሙ። መጀመሪያ የተመለከቱት ደወሉን ነበር፤ ናሱ ተወልውሎ የሰው ፊት ያሳይ ነበርና። ከዚያም በትልቁ መንኰራኩር ላይ እየወጣ የሚመለሰውን ብረት በጣታቸው እያመለከቱ፣ እንፋሎቱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ አባታቸው ማታ ቤት ሲገቡ የእጃቸው ዘይት በምን ይለቅ እንደ ነበር ለልጅ ልጃቸው ይነግሩት ጀመር። ልጁ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ትልቋም መጥታ ቆመች፤ እናትየውም ሕፃኗን ታቅፋ ተጠጋች፤ «እማዬ፣ ይህን ለእኔም ነግረሽኝ አታውቂም» አለች። በዚያች ሰዓት በቤተሰቡ ውስጥ አዋቂዋ እርሳቸው ነበሩ።

ስለዚህም ነው ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ለአሮጊቷ የሚቻላቸውን ብቻ ሳይሆን የሚያውቁትን ነገር እንዲፈልግ አጥብቄ የምመክረው። እናቱ ገበሬ ከነበሩ የአትክልቱን ቦታ፣ ሸማኔ ከነበሩ የአልባሳቱን ትዕይንት ይፈልግ፤ ከአንድ ቀን ውስጥ ሃያ ደቂቃ እንኳ አያት አስተማሪ የሚሆኑበት ጊዜ ከተገኘ፣ የቀረውን ሰዓት በሌላው ደስታ ሲደሰቱ ይውላሉ። ባቡሩም ሆነ ሌላው ትዕይንት ለእድሳት የሚዘጋበት ወራት ስላለ፣ ከመነሣት በፊት የተዘጋውን ዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል።

በግንቡ ጀርባ ያሉት ተሽከርካሪ ፈረሶችም እንደ ባቡሮቹ የፊላዴልፊያ ሥራ ናቸው፤ የተሠሩትም እ.ኤ.አ. በ1917፣ ከጂቡቲ የተነሣው የእኛ ሐዲድ አዲስ አበባ በደረሰበት ዓመት ነው። ሕፃኗ በእናቷ ተደግፋ፣ አያትየውም ከአጠገባቸው ከፍና ዝቅ በማይለው ሠረገላ ተቀምጠው አብረው ዞሩ። ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ በሚባለው፣ አምሳያው እ.ኤ.አ. በ1964 ለኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን አስቀድሞ ተሠርቶ በነበረውና ጀልባው ቀስ ብሎ በሚንሳፈፍበት ትዕይንት ደግሞ ስድስቱም በአንድ ጀልባ ገቡ። ቁመትም ዕድሜም የማይጠይቁ እነዚህን የመሳሰሉትን ለጧቱ፣ ሁሉ ትኩስ ሳለ፣ አስቀድሞ መመደብ ይገባል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ትልልቆቹን አስፈሪዎች አስቀድሞ ሕፃኑና አያቱ ሰልፉን ሲመለከቱ ያረፍዳሉ።

አስፈሪዎቹ የራሳቸው ሕግ አላቸው። በሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን ለመሳፈር 97 ሴንቲ ሜትር፣ በጨለማ ውስጥ በሚምዘገዘገው ስፔስ ማውንቴን ደግሞ 112 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልጋል። የስድስት ዓመቱ ልጅ የመጀመሪያውን አለፈ፤ ከሁለተኛው በር ግን መለኪያው ሥር ጫማው ላይ ቢንጠራራም ሁለት ጣት ያህል ጎደለው፤ እንባውም ቀረረ። በዚህን ጊዜ የሚጠቅመው ራይደር ስዊች የሚባለው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም አንዱ ወላጅ ሲሳፈር ሌላው ከልጁ ጋር ቆይቶ፣ ያኛው ሲመለስ ይህኛው ረዥሙን ሰልፍ ዳግመኛ ሳይሰለፍ እንዲገባ የሚፈቅድ ነው። አባት ከትልቋ ልጅ ጋር ገባ፤ እናት ሕፃኗን ይዛ በአግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ቆይቶም ተራቸውን ተለዋወጡ። አያትየው ግን ለሞግዚትነት አልተተዉም፤ ልጁን ይዘው በዚያው አጠገብ ፒፕል ሙቨር በሚባለው፣ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ዝግ ብሎ በሚሄደው ሠረገላ ተሳፈሩ። ያም ሠረገላ በመንገዱ በስፔስ ማውንቴን ጨለማ ውስጥ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ልጁ የተከለከለውን ቦታ ውስጡን አይቶ፣ የሚጮኹትንም ሰዎች ሰምቶ፣ «እኛ ሳንጮኽ ገብተን ወጣን» እያለ እየተኩራራ ተመለሰ። ከሠረገላው መውጫና መግቢያ ያለው ወለል ግን የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ፣ ለአረጋዊ ሰው የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል።

ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሁሉም ወደ ቤት ተመለሱ። ትልቋ ልጅ አጉረመረመች፤ የከፈልነው ለሙሉ ቀን ነው ስትልም አልተሳሳተችም። ዳሩ ግን በማዕከላዊ ፍሎሪዳ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ደመናው በድንገት ጠቁሮ ነጐድጓድና መብረቅ ማውረዱ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲቀርብም በገላጣ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ ይቆማሉ። በዚያ ቀን ዝናሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወርድ ሕፃኗ ተኝታ፣ አያትየው እግራቸውን ዘርግተው፣ ቡናው በበረንዳው ላይ እየፈላ ነበር። ማታ ሰማዩ ሲጠራ እናት ከሕፃኗ ጋር ቀርታ፣ አባትና ሁለቱ ልጆች አያትየውን በወንበሩ ይዘው ለርችቱ ተመለሱ፤ ሌሊቱን በአግዳሚው ላይ የመቀመጡ ተራ የእናት ነበርና።

ማግሥቱ ያለ ትኬት የታለፈ ቀን ሆነ፤ ተኙ፣ ዋኙ፣ ሽሮ በሉ፤ ልጆቹም በኋላ ሲጠየቁ ይህን ቀን ከደስተኞቹ ቀኖች አንዱ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። በሦስተኛው ቀን በጧት እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ተከፈተው አኒማል ኪንግደም ሄዱ፤ በዚያ ያለው የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ በክፍት መኪና ቀጭኔውን፣ ዝሆኑን፣ አንበሳውን በሜዳው ላይ ሲዘዋወር ያሳያል። አውሬው በማለዳው ቅዝቃዜ ስለሚንቀሳቀስ ጧት መሄዱ ይመረጣል፤ መንገዱ ግን ሆን ተብሎ ጎርበጥባጣ የተደረገ ስለ ሆነ ወገቡን የሚያመው ሰው አይሳፈር። ኤፕኮትን፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተውንና የ11 አገሮችን ሥነ ሕንፃ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የሚያሳየውን መናፈሻ፣ ዙሪያው ብቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በዚህ ጉዞ ተውነው። ከዲዝኒ ውጭ ያሉት የዩኒቨርሳል መናፈሻዎች ለወጣቶች የተመቹ ናቸው፤ ሕፃንና አያት ለያዘ አጭር ጉዞ አልመርጣቸውም።

የመመለሻው ቀን መግቢያ ትኬት ሊገዛበት አይገባም። ከኦርላንዶ እስከ አሌክሳንድሪያ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ሦስት ልጅና አንዲት እናት የያዘ መኪና በመካከል አንድ ሌሊት ሊያድር ያስፈልገዋል፤ እኛም በሳውዝ ካሮላይና አደርን። በመንገዱ ሁሉ የስድስት ዓመቱ ልጅ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ የድሬዳዋን መሥመር ጣቢያዎች ሲያጠና ዋለ፤ ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፤ ወለንጪቲ ላይ እየተደናቀፈ፣ እኅቱ እያረመችው፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አቃቂ ብሎ ለገሃር ሲደርስ ሁላችንም አጨበጨብን። ቀጥሎም በዚያ ባቡር መቼ እንደሚሄዱ ጠየቀ። አያትየውም አሮጌው ባቡር ሥራውን ማቆሙን፣ በምትኩም ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. መመረቁን፣ እርሱም በድሬዳዋ እንደሚያልፍ አስረዱት። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «በዚያኛውስ ለአያት ቅናሽ አለ?» አላቸው።